ሐጂ ጀውሃርና የተሸረፈው ምላጭ

ለዓለማት ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ ዛሬ ስለ ምላጭ ነው የማወራችሁ። አትሳቁ! ባለፈው ጁምዓ ስለ ሶብር፣ ስለ ትዕግሥት ሳወራ ግማሻችሁ አንቀላፍታችሁ ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጠው ወንድማችን እንዲያውም አንኮራፍቷል፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ዛሬ እንግዲህ ስለት ይዤ መጥቻለሁና ማንም እንዳይተኛ።

ታሪኩን የነገሩኝ ቁርኣን ያቀሩኝ ሼህ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው ደግሞ ከአባታቸው ነው የሰሙት። የከተማዋን ስም በጠየቅኳቸው ቁጥር «ምን ያደርግልሃል? አሮጌ ከተማ ናት። ግንብ አላት፣ በር አላት፣ እንዳንተ ጥያቄ የሚያበዛም ሰው አይጠፋባትም» ይሉኝ ስለነበር ስሟን ሳላውቅ ቀረሁ። ለነገሩ ስሟ አያስፈልገንም።

በዚያች ከተማ፣ ከትልቁ መስጊድ ጀርባ፣ ምላጭ ተራ የሚባል ጠባብ መንገድ ነበር። ግራና ቀኙ ትናንሽ ሱቅ ነው። አንዱ መቀስ ይስላል፣ አንዱ ቢላዋ ይሸጣል፣ አንዱ ለእጀታ የሚሆን ቀንድ ሲሞርድ ይውላል። በመጨረሻው ጥግ ያለው ሱቅ የሐጂ ጀውሃር ነበር። ሐጂ ጀውሃር ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ፂማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ራሳቸውን ዘወትር የሚላጩ ቀጭን ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ምላጭ ሸጠዋል። ምላጭ ስላችሁ ደግሞ የዛሬውን፣ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውንና ሁለቴ ተላጭታችሁ የምትጥሉትን እንዳይመስላችሁ። ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባው፣ ረጅሙ ምላጭ ነው። ያን ጊዜ ሰው አንድ ምላጭ ይገዛል፣ ዕድሜውን ሙሉ እየሳለ ይላጭበታል፣ ሲሞት ለልጁ ይተወዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምላጭ መምረጥ ቀልድ አልነበረም።

የሐጂ ጀውሃርን ቃል የሚጠራጠር አልነበረም። «ሐጂ አይተውታል?» ተብሎ «አዎ» ከተባለ አለቀ። ምላጩን ይዘው ወደ ሱቃቸው በር ይወጣሉ፣ ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩታል፣ ከዚያ ፈረዱ ማለት ነው። ሌሎቹ ነጋዴዎች ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ይስቡታል፤ በዓይን የማይታይ ሽርፍ እንኳ ካለ ጥፍሩን ይይዘዋል። ሐጂ ግን ይህን ከተዉ ቆይተዋል። «እሱ የጀማሪ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ለሳቸው ዓይናቸው ይበቃል።

ዓይናቸው ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ አልበቃቸውም። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና አላህ ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ቁርኣን ሲከፍቱ መስመሮቹ ይደባለቁባቸው ጀመር፤ ብዙውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማንም አልነቃባቸውም። ቀጥሎ ሰላም የሚላቸውን ሰው ከመልኩ ይልቅ በድምፁ መለየት ለመዱ። ለሚስታቸው ለወይዘሮ ዙበይዳ እንኳ አልተነፈሱም። ለምን? አፈሩ። ሰው ናቸው እኮ! ሐጂ ስላልናቸው መልአክ አደረግናቸው እንዴ?

አሁን የከተማዋን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባችሁም። በዚያች ከተማ ማንም ከመሬት ተነስቶ ላጪ ነኝ አይልም። መጀመሪያ በሚያስተምረው ሰው ምላጭ አንድ ዓመት ሙሉ ቅል ይላጫል። አዎ፣ ቅል! ቅሉን ሳሙና ይቀባና አረፋውን ቆዳው ሳይጫር ያነሳዋል። ዓመቱ ሲሞላ ሐጂ ጀውሃር ዘንድ ሄዶ የራሱን የመጀመሪያ ምላጭ ይመርጣል። ከዚያ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ፣ ሕዝብ እያየ፣ ሻጩ ራሱ ቁጭ ይልና ጭንቅላቱን ለገዢው ይሰጣል። የሸጥከው ምላጭ መጀመሪያ ባንተው ራስ ላይ ይሞከር ነው ነገሩ። ደም ካልወጣ ሐጂ ብድግ ብለው «አልሐምዱሊላህ፣ እጁ እጅ ነው» ይላሉ፤ ሰውየውም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፈለገውን ራስ፣ የሕፃንም ጭምር፣ ይላጫል። ደም ከወጣ ግን ወደ ቅሉ ይመለሳል። ሌላ አንድ ዓመት!

እንግዲህ ኑርሁሴን የሚባል ሰው ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አቧራው ደረቱን ስለያዘው ሐኪሙ «ወይ ድንጋዩን ተው፣ ወይ ሚስትህን ተሰናበት» ብሎት ነው ወደ ምላጭ የዞረው። ሰው ግን ሰው ነዋ፤ ይስቅበት ነበር። «በዚያ መዶሻ በለመደ እጁ? ማን ነው ጭንቅላቱን የሚሰጠው?» ይባባላሉ። ኑርሁሴን ዝም ብሎ ቅሉን ይላጫል። ዓመቱ በሞላበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደችለት። የመጀመሪያ ልጁ ናት።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ ሐጂ ጀውሃር ሱቅ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። ኑርሁሴን ነህ? ግባ። ዓመቱ ሞላህ?»

«ሞላኝ ሐጂ። አሥራ ሰባት ቅል ጨርሻለሁ።»

«ቅሎቹስ ምን አሉ?»

«ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቀር የተቀየመኝ የለም።»

ሐጂ ሳቁ። ኑርሁሴን ግን ሳቁን ቶሎ ዋጠና አንገቱን ደፋ። «ሐጂ፣ ሰኞ ሴት ልጅ ተሰጥቶኛል። አቂቃዋ እሁድ ነው። የአላህ ፈቃድ ከሆነ ራሷን በገዛ እጄ ልላጫት ብዬ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈለግኩም።»

አቂቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል፣ የሕፃኑ ራስ ይላጫል፣ በፀጉሩ ክብደት ልክ ብር ለድሃ ይሰደቃል። የሰባት ቀን ሕፃን ራስ ደግሞ አናቱ እንኳ ገና አልገጠመም። በዚያ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል።

«ማሻአላህ! አላህ ያሳድግልህ» አሉ ሐጂ፤ ሦስት ምላጭ አውጥተውም ጨርቅ ላይ ደረደሩ። አንዱ ሰፊና ከባድ፣ የነሐስ ጌጥ ያለው። ሁለተኛው ነጭ የአጥንት እጀታ ያለው። ሦስተኛው ጠበብ ያለ፣ ጥቁር የቀንድ እጀታ ያለው፣ ዓይን የማይስብ።

«ስማ ልጄ፤ በሚያብለጨልጨው አትያዝ፣ መላጨት ሌላ ነገር ነው። እጅህ ላይ ከከበደህ ራስም ላይ ይከብዳል። ከመጠን በላይ ከቀለለህ ደግሞ ሳታውቀው ትጫነዋለህ። ጣትህ ላይ አጋድመው፤ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል? እጠፈው፤ ስለቱ ጎኑን ሳይነካ እጀታው መሃል ይገባል? በል ሞክር።»

ኑርሁሴን ከባዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ጥቁሩን ጣቱ ላይ አጋደመው፤ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። አጠፈው፤ መሃል ገባ። ልቡ ወደደው። ሐጂ ግን ነጩን አንስተው «ይኸውልህ» አሉት። «ይህን ሳምንት ሙሉ በእጄ ስስለው የሰነበትኩት ነው። ላንተ የሚሆነው ይህ ነው።»

ኑርሁሴን ነጩን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረገው። ጫፉ አጠገብ፣ የጤፍ ፍሬ የማታክል ሽርፍ አየ። ሐጂን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም ምላጩን ተቀብለው ወደ በሩ ወጡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ስለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ማለቴ፣ ያዩ መሰሉ።

«ንፁህ ነው» አሉ።

«ጥቁሩስ ሐጂ?» አለ ኑርሁሴን በለሆሳስ።

«ጥቁሩም ደህና ነው። ነጩ ግን ይበልጣል፤ እኔ አይቼዋለሁ።»

እንግዲህ «እኔ አይቼዋለሁ» ከተባለ በኋላ የትናንት ድንጋይ ጠራቢ ምን ይላል? ‹ሽርፍ አለው› ይበል? አርባ ዓመት ምላጭ ያዩ ሰው ያላዩትን እኔ አየሁ ይበል? ‹ጥላ ይሆናል ያየሁት› ብሎ ራሱን አሳመነ። አደብ ያለው ልጅ ነዋ! ነጩን ይዞ፣ እጃቸውን ስሞ ሄደ።

ጁምዓ ደረሰ። ሶላቱ አለቀ፤ ግቢው በሰው ተሞላ። ሐጂ ጀውሃር ጥምጣማቸውን ፈትተው ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ኑርሁሴን ቢስሚላህ ብሎ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን ከፈተ፣ ከግንባራቸው ወደ ኋላ ሳበው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ስድስተኛውን ሲስብ ግን ከሐጂ ቀኝ ጆሮ በላይ ቀጭን የደም መስመር በነጩ አረፋ ላይ ብቅ አለች።

«ድንጋይ መሰለው እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ሐጂ በጣታቸው ዳሰሱት፤ እርጥብ ነው፣ ይሞቃል። ተነሱ። «እጁ ገና ነው» አሉ። «ወደ ቅሉ ይመለስ።»

ኑርሁሴን ምላጩን አጥቦ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ መለሰላቸው። «አፉ በሉኝ ሐጂ» ብሎ በሰዉ መሃል አልፎ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ እሁድ እሱን ያስተማረው ላጪ መጥቶ ልጅቷን እንደሚላጫት። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዶ አለቀሰ። ሃያ አራት ዓመት ቢሆነውም አለቀሰ፤ ምን ነውር አለው? ዓመቱን ሙሉ የለፋባትን አንዲት ቀን ነው የተቀማው።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ዙበይዳ የባላቸውን ቁስል ዘይት ሊቀቡ ጥምጣማቸውን ፈቱላቸው። ገና እጃቸውን ሳያሳርፉ «ሐጂ፣ ራስዎ ላይ ክር የተሰመረበት ይመስላል» አሉ።

«የምን ክር?»

«ሳይላጭ የቀረ ፀጉር ነዋ፣ ቀጫጭን መስመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስት አሉ። ስድስተኛው ቁስሉ ጋ ያልቃል። ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በገመድ የተለኩ። ይህ ልጅ ሲያበላሽ እንኳ አሳምሮ ነው የሚያበላሸው!»

ወይዘሮ ዙበይዳ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። እጃቸውን ሰደው መስመሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። አርባ ዓመት የሠሩበት ነገር ስለሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም። ያልበሰለ እጅ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይስታል እንጂ ቀጥ ያለ መስመር አይተውም። እንዲህ ያለ መስመር የሚተወው ሽርፍ ያለበት ስለት ነው፤ በሽርፉ በኩል ፀጉሩ ያመልጣል። መስመሩም እንዲህ ቀጥ የሚለው እጁ የረጋ ሰው የሳበው እንደሆነ ነው።

«ምላጩን አምጪልኝ» አሉ።

መጣላቸው። በሩ ጋ ቆመው ወደ ብርሃን አነሱት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ንፁህ ነው። ከዚያ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፈኑና ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ፣ እንደ ጀማሪ፣ ቀስ አድርገው ሳቡት። ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ጥፍራቸውን ያዘው። ደገሙት። ያዘው።

«ኢና ሊላህ» ብለው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምን ሆኑብኝ?» አሉ ወይዘሮ ዙበይዳ ደንግጠው።

«ዙበይዳ፣ ዓይኔ አያይም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሰውየው እጅ ደህና ነበር፤ የተሸረፈ ምላጭ ሰጥቼው በሰው ፊት እጁን ሰደብኩት።»

ወይዘሮ ዙበይዳ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሁለት ዓመት መደበቃቸው ቢያስቀይማቸውም ያን አላነሱም፤ ባላቸውን ይወዳሉ። «እንግዲያው ልጁን ያስጠሩትና በጆሮው ይንገሩት» አሉ። «በሚመጣው ጁምዓ ሌላ ምላጭ ይዞ ይፈተን። አርባ ዓመት የገነቡትን ስም በአንድ ቀን ይንዱታል እንዴ?»

«ሲሰደብ በጆሮው ነው እንዴ የተሰደበው?» አሉ ሐጂ። «በአደባባይ ያወጣሁትን ቃል በጓዳ ብመልሰው ሐቁን መለስኩለት ይባላል?»

እንዲህ አሉ እንጂ እግራቸው ወዲያው አልተነሳም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ሙሉ ሲታገሉ ዋሉ። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ መስጊድ ሲሄዱ አንዱ «ሐጂ፣ ራስዎ ተሻለዎት? ያ ድንጋይ ጠራቢ ሊገድልዎ ነበር እኮ!» አላቸው። መልስ አልሰጡትም። ለአስር ሶላትም ሌላው እንዲሁ ብሎ ሳቀ፤ ዝም አሉ። ዝም ባሉ ቁጥር ስድቡን አሁንም እሳቸው የሚሰድቡት ሆኖ ተሰማቸው። ሸይጧንም ሥራውን አይተውም፤ ‹ዓይነ ስውር ናቸው ከተባልክ ነገ ማን ከሱቅህ ይገዛል? ማንስ ይሰማሃል?› ይላቸዋል። ፈሩ። ሐጂ ጀውሃር በጣም ፈሩ።

እሁድ ጠዋት ኑርሁሴን ቤት በጉ ታርዷል፣ ሰዉ ተሰብስቧል። ሕፃኗን አክስቷ ታቅፋታለች። ኑርሁሴንን ያስተማረው ላጪ ምላጩን ጠፍሩ ላይ እያመላለሰ ስለቱን ያለሰልሳል። አባትየው በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በዚህ መሃል ሐጂ ጀውሃር በትራቸውን ይዘው፣ ትንሽ የጨርቅ ጥቅልል በብብታቸው አድርገው ገቡ። ሰዉ ተነሳላቸው፣ የክብር ቦታ ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም።

«ጀመዓዎች፣ ሕፃኗ ሳትነካ አንድ ቃል አለችኝ» አሉ። ጥቅልሉን ፈትተው ነጩን ምላጭ ለላጪው ሰጡት። «ይህ የጁምዓው ምላጭ ነው። በጥፍርህ ሳበውና ያገኘኸውን ለሰዉ ንገር።»

ላጪው ሳበው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሐጂ... ይይዛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጮክ በል።»

«ሽርፍ አለው! ጥፍር ይይዛል!»

ከትልልቆቹ አንዱ ሊሸፍኑላቸው ፈልገው «ሐጂ፣ ይህ እኮ ማንንም ያጋጥማል። ይበቃል፤ አረፍ ይበሉ» አሉ።

«አይበቃም» አሉ ሐጂ። «ዓይኔ አያይም። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ደብቄያችሁ ኖርኩ። ጁምዓ ዕለት እጁ ገና ነው ያልኩት ውሸት ነው። እጁ ደህና ነበር፤ የደከመው ዓይኔ ነው። የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ። ኑርሁሴን የት ነው ያለኸው?»

«አቤት ሐጂ» አለ ከግድግዳው ጥግ።

«አፉ በለኝ።»

«ኧረ ሐጂ! እኔ ነኝ አፉ በሉኝ የምለው።»

«ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ሽርፉን ረቡዕ ዕለት አይተኸው ነበር?»

ኑርሁሴን አንገቱን ደፋ። «አይቼው ነበር።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎ አይቼዋለሁ ካሉ በኋላ እኔ ምን ብዬ... ነውር መሰለኝ።»

ሐጂ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ድምፁ ዞሩ። «ያ ምላጭ የእኔን ራስ ባያደማ ኖሮ ዛሬ የት ነበር የሚያርፈው?» አሉ። ሁሉም ሰው ወደ ሕፃኗ ዞሮ አየ። አክስቷ ሳታውቀው ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት።

ከዚያ ሐጂ ጥምጣማቸውን ፈቱና ለላጪው በተዘጋጀው መቀመጫ ፊት መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛ ምላጭ አወጡ፤ ጥቁር የቀንድ እጀታ ያለው ነው። «አንተ የወደድከው ይህን ነበር። እኔ ነኝ ያስጣልኩህ። በል፣ የጀመርከውን ጨርስ።»

ኑርሁሴን ተቀብሎ ሊከፍተው ሲል «መጀመሪያ እየው!» ብለው ተቆጡት። ደንግጦ ወደ ብርሃኑ ያዘው፣ አየው፤ በሐጂ ጀውሃር ፊት፣ እፍረት እያላበው፣ በጥፍሩም ሳበው።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው ሐጂ።»

«እኔ ደህና ነው ብዬሃለሁ?»

«አላሉኝም።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። አምስቱን መስመሮች አንድ በአንድ አነሳቸው፤ ስድስተኛውን ቁስሉን ሳይነካ ዞሮት አለፈ። ሲጨርስ ሐጂ በመዳፋቸው ጭንቅላታቸውን ከግንባር እስከ ማጅራት ዳሰሱት፤ አንድ ፀጉር የለም፣ ጠብታ ደም የለም። ተነስተው «እጁ እጅ ነው» አሉ። «ዓይኑም ዓይን ነው» ብለው ጨመሩበት። ከዚህ በፊት ለማንም ያላሉት ነገር ነው። ከዚያ በእርጥብ እጃቸው የኑርሁሴንን ትከሻ ያዙ።

«ምላጭ ስትመርጥ የእኔን ፂም አትይ፤ ስለቱን እይ።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ኑርሁሴን ልጁን ከአክስቷ ተቀበለ። ጥቁሩን ምላጭ በጥፍሩ እንደገና ሳበው፣ ከዚያ ያቺን ብርቱካን የምታህል ጭንቅላት ላጨ። ልጅቷ ግማሹ ድረስ ተኝታ ነበር። ስትነቃ አባቷን አየችውና አዛጋች። ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ እልል አለች።

ከዚያስ? ከዚያ ሐጂ ጀውሃር የበለጠ ተከበሩ፣ ሱቃቸው በሰው ተጥለቀለቀ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ሼሄ ግን እንዲህ አልነገሩኝም። ደንበኛ ቀነሰባቸው። ዓይናቸው ከደከመ ሰው ምላጭ አንገዛም ያሉ ነበሩ፤ ሐጂም አልተቀየሟቸውም፣ «ልክ ናችሁ» ነው ያሏቸው። ነጩን ምላጭ ግን መልሰው አልሳሉትም። ከሱቃቸው በር ላይ በምስማር ሰቀሉት። የመጀመሪያ ምላጩን ሊመርጥ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ እሱን በጥፍሩ እንዲስበው ያደርጉት ነበር፤ ሽርፍ እንዴት እንደሚይዝ እጁ እንዲያውቀው። «ይህን አይሸጡትም ወይ?» ሲሏቸው «እሱ እኔን ያስተማረኝ ነው፤ እንዴት እሸጠዋለሁ?» ይሉ ነበር ይባላል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ኑርሁሴን ዝም ያለው ለክፋት አይደለም፤ አክብሯቸው ነው። ሐጂም የደበቁት ሰው ሊያስደሙ አይደለም፤ አፍረው ነው። አንዱ አደብ ብሎ፣ አንዱ ክብር ብሎ፣ ሁለት ደግ ሰዎች ተስማምተው የተሸረፈ ምላጭ ወደ ሰባት ቀን ሕፃን ራስ ይልኩ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እንጠነቀቀው ነበር።

ደግሞ ‹ይህ የጥንት ነገር ነው› እንዳትሉኝ። ባለፈው ወር እዚሁ መስጊድ ዙህርን ያሰገድኳችሁ እኔ ነኝ። አራት ረከዓ የሚሰገደውን ሦስት ሰግጄ አሰላመትኩ፤ ሶላቱን ዘጋሁት። ሦስት! ከኋላዬ አርባ ሰው ነበር። ኢማም ሲሳሳት ሱብሓነላህ በሉ፣ አስታውሱት ተብለን የለም እንዴ? ይህ እኮ በሶላት ውስጥ፣ አላህ ፊት ቆመን፣ የተሰጠን ሥራ ነው። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ዘወር ስል እርስ በርስ ትተያያላችሁ። ጠየቅኩ፤ አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኡስታዝ ያውቃሉ ብለን ነው» አለኝ! ምኑን ነው የማውቀው? ረስቼ ነው! ተነስተን አራተኛዋን አሟላን፣ የመርሳት ሱጁዳችንን አወረድን፤ አላህ ይቀበለን። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ያዘንኩት በመርሳቴ አልነበረም፤ አርባ ሰው ፂሜን እያየ ዝም በማለቱ ነው። ከዚያም ራሴን ጠየቅኩ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ደፍሮ አርሞኝ ፊቴን አጥቁሬበት ይሆን? አስታወስኩ። አጥቁሬበት ነበር። እዚህ መሃላችሁ ተቀምጧል፤ ወንድሜ፣ በሰው ፊት ነበርና በሰው ፊት አፉ በለኝ።

ሶላት ሊቆም ነው። ረድፋችሁን አስተካክሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ግጠሙ። ያንቀላፋውን ቀስቅሱት። የማሰግዳችሁም እኔ ነኝ፤ ብሳሳት ጮክ ብላችሁ ሱብሓነላህ በሉ።